አነስተኛ አረቦን ሁልጊዜ አነስተኛ ወጪ አይደለም - ስለ ተሽከርካሪ መድን ባለንብረቶች ሊያውቁት የሚገባ

የመለዋወጫ፣ የነዳጅና የጋራዥ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የተሽከርካሪ ባለንብረቶች ወጪ ለመቀነስ በቅድሚያ የሚያማትሩት ወደ መድን አረቦን ነው። ነዳጅና ጎማ ወዲያውኑ አገልግሎት ሲሰጡ ይታያሉ፤ መድን ግን አደጋ እስካልደረሰ ድረስ ያለ ጥቅም የተከፈለ ገንዘብ መስሎ ይታያል። በመሆኑም በርካታ ባለንብረቶች የመድን ድርጅቶችን የሚያወዳድሩት "ስንት ነው?" በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይሁንና ከአረቦን ላይ የሚቀነሰው ገንዘብ አንዳንዴ እውነተኛ ቁጠባ ሲሆን፣ አንዳንዴ ደግሞ አደጋ በደረሰ ዕለት በእጥፍ የሚከፈል ዕዳ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ስለ ውሉ አሠራር የተወሰነ ግንዛቤ መያዝ ያስፈልጋል።

የአገሪቱ የመድን ገበያ ከ1986 ዓ.ም ጀምሮ ለግል ባለሀብቶች ክፍት ከሆነ ወዲህ በመንግሥት ይዞታ ሥር ካለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በተጨማሪ በርካታ የግል ኩባንያዎች ተቋቁመዋል። ከሕይወት መድን ውጪ ባለው ዘርፍ ከፍተኛውን የአረቦን ድርሻ የያዘው የተሽከርካሪ መድን ነው። በመሆኑም ኩባንያዎቹ ደንበኛ ለማግኘት በዋጋ ይፎካከራሉ። ፉክክሩ ለባለንብረቱ የሚጠቅም ቢሆንም፣ የሚፎካከሩበት ዋጋ ምን ምን እንደሚያካትት ካልታወቀ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

በቅድሚያ ሁለቱን የመድን ዓይነቶች መለየት ይገባል። አንደኛው የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559/2000 ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ ሽፋን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ደንግጓል፤ አዋጁ በ2005 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። ይህ መድን የሚሸፍነው ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ሕይወት፣ አካልና ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንጂ የባለንብረቱን መኪና አይደለም። ሁለተኛው በባለንብረቱ ፈቃድ የሚገባው ሙሉ ሽፋን የሚባለው ነው፤ የራስን ተሽከርካሪ ከግጭት፣ ከመገልበጥ፣ ከእሳትና ከስርቆት አደጋ ይጠብቃል።

በሦስተኛ ወገን መድን ላይ የዋጋ ክርክር ብዙ ለውጥ አያመጣም። ታሪፉ በመንግሥት መመሪያ የሚወሰን በመሆኑ በድርጅቶች መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። በዚህ ሽፋን ላይ ከወትሮው እጅግ የረከሰ ዋጋ የሚያቀርብ ግለሰብ ቢገኝ የምስክር ወረቀቱንና በመስታወት ላይ የሚለጠፈውን ምልክት ትክክለኛነት በኩባንያው ቅርንጫፍ ማረጋገጥ ይበጃል። ሐሰተኛ ወረቀት የያዘ ባለንብረት መድን እንደሌለው ይቆጠራል፤ የተጎዳው ሰው ከመድን ፈንድ ካሣ ቢያገኝ እንኳ ባለንብረቱ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ብዙዎች የማያስተውሉት የሦስተኛ ወገን ሽፋን ጣሪያ ያለው መሆኑን ነው። አዋጁ በ2000 ዓ.ም ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው ካሣ ከ5 ሺህ ብር ያላነሰ ከ40 ሺህ ብር ያልበለጠ፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር ነበር። መድን ገቢው ውል በሚያድስበት ጊዜ በሥራ ላይ ያለው ጣሪያ ስንት እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱም ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት የሚወድቀው በባለንብረቱ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት፣ መኪናውን እንዲነዳ ባልተፈቀደለት ሰው የደረሰ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጡ መኪኖች በሚመላለሱበት ሁኔታ፣ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ከኋላ በመግጨት የምታደርሰው ጉዳት ከራሷ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ኩባንያዎች ከግዴታው ጣሪያ በላይ የሆነ ተጨማሪ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ይሸጣሉ። ለዚህ የሚጠየቀው ጭማሪ ከሚሸፍነው ኃላፊነት አንጻር ሲታይ አነስተኛ በመሆኑ፣ ቁጠባ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ መሆኑ አስገራሚ ነው።

በሙሉ ሽፋን መድን ውስጥ ግን ትልቁ ጉዳይ የመኪናው ዋጋ ነው። አረቦን የሚሰላው ባለንብረቱ "መኪናዬ ይህን ያህል ያወጣል" ብሎ ባስመዘገበው ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው። በመሆኑም አረቦኑን ዝቅ ለማድረግ ቀላሉ መንገድ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ይመስላል። አንዳንድ ሻጮችም ደንበኛውን ላለማጣት ሲሉ ይህንኑ ይመክራሉ፤ ውጤቱን ግን አያስረዱም።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ለስሌት እንዲመች የአረቦኑ መጣኔ 2 በመቶ ነው እንበል። በገበያ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በትክክለኛ ዋጋው ሲመዘገብ አረቦኑ 40 ሺህ ብር ይሆናል። ባለንብረቱ በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ቢያስመዘግበው 24 ሺህ ብር ይከፍላል፤ 16 ሺህ ብር የቆጠበ ይመስለዋል። መኪናው ተጋጭቶ የጥገናው ወጪ 300 ሺህ ብር ቢሆን፣ ባለንብረቱ ከተመዘገበው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር እጅግ ያነሰ በመሆኑ ሙሉውን አገኛለሁ ብሎ ይጠብቃል። በብዙ የመድን ውሎች ውስጥ ያለው የተመጣጣኝነት ድንጋጌ ግን ሌላ ይላል፤ መኪናው የተመዘገበው በእውነተኛ ዋጋው 60 በመቶ በመሆኑ ኩባንያው የሚከፍለውም የጉዳቱን 60 በመቶ ነው። ይህም 180 ሺህ ብር ሲሆን ቀሪው 120 ሺህ ብር ከባለንብረቱ ኪስ ይወጣል። በአንድ ግጭት የጠፋው ገንዘብ የሰባት ዓመት ተኩል "ቁጠባ" መሆኑ ነው። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም ወይም ቢሰረቅ ደግሞ ጉድለቱ 800 ሺህ ብር ይደርሳል።

ይህ ችግር የሚደርሰው ሆን ብለው ዋጋ ባሳነሱት ላይ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ካደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካን ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቆ ነበር። መኪናም ሆነ መለዋወጫ ከውጭ በሚገባበት አገር እንዲህ ያሉ ለውጦች በአገር ውስጥ ያለውን መኪና ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ። ከዓመታት በፊት በትክክል የተመዘገበ ዋጋ በእድሳት ጊዜ ሳይስተካከል ሲንከባለል ቆይቶ ባለንብረቱ ሳያውቀው ከገበያው በታች የወረደበት አጋጣሚ ጥቂት አይሆንም። ስለዚህ ውል በሚታደስበት ጊዜ "እንዳለፈው ዓመት ይሁን" ብሎ መፈረም ተገቢ አይደለም። ተመሳሳይ ሥሪትና ዘመን ያላቸው መኪኖች በገበያ ስንት እንደሚሸጡ አጣርቶ ዋጋውን ማስተካከል፣ በዓመቱ አጋማሽ የዋጋ ለውጥ ከተከሰተም ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ ማሳደግ ይቻላል።

ዋጋን አጋንኖ ማስመዝገብም አይጠቅምም። የንብረት መድን የካሣ ውል እንጂ የትርፍ ምንጭ ባለመሆኑ፣ የሚከፈለው ካሣ አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ከላይ የተጠቀሰው መኪና በ2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ቢመዘገብ በየዓመቱ 10 ሺህ ብር በከንቱ ይከፈላል።

ከዋጋው ቀጥሎ መታየት ያለበት ከካሣ ላይ የሚቀነሰው ነው። በመድን ሠራተኞች ዘንድ ኤክሰስ የሚባለው የመድን ገቢው ድርሻ በእያንዳንዱ አደጋ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው መጠን ነው። በቁርጥ ገንዘብ ወይም ከጉዳቱ በመቶኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን አጣምሮ "ከዚህ መቶኛና ከዚህ ብር የሚበልጠው" የሚል ውልም አለ። አሽከርካሪው ወጣት ከሆነ ወይም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ጊዜ ካልሆነው ድርሻው እንዲጨምር የሚያደርግ አንቀጽ በበርካታ ውሎች ውስጥ ይገኛል። ልጁ ወይም አዲስ የተቀጠረ ሾፌር የሚነዳለት ባለንብረት ይህን አንቀጽ አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል።

ሌላው የእርጅና ቅናሽ ነው። አሮጌ መኪና ተጋጭቶ ፓራውልቱ ወይም ፋናሉ በአዲስ ሲተካ፣ ባለንብረቱ ከቀድሞው የተሻለ ዕቃ አግኝቷል በሚል ከመለዋወጫው ዋጋ ላይ የተወሰነ መቶኛ ይቀነሳል። ለምሳሌ መለዋወጫው 80 ሺህ ብር፣ ቅናሹ ደግሞ 25 በመቶ ቢሆን 20 ሺህ ብር ባለንብረቱ ይጨምራል ማለት ነው። የኤክሰሱ ገንዘብ ከዚህ በተጨማሪ የሚከፈል ነው። ቅናሹ ከመኪናው ስንተኛ ዓመት ጀምሮ እንደሚታሰብ፣ በየትኞቹ ዕቃዎች ላይ እንደሚሠራና መጠኑ ስንት እንደሆነ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ይለያያል። በዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም፤ ጠይቆ በጽሑፍ ማግኘት የባለንብረቱ ድርሻ ነው። የተጎተተበት ክፍያ እስከ ስንት ብር እንደሚሸፈን፣ ስፖኪዮና የመሳሰሉት ዕቃዎች ተነጥለው ሲሰረቁ ካሣ ይከፈል እንደሆነ፣ ሁከትና ብጥብጥ የሚያደርሰው ጉዳት በውሉ ውስጥ ያለ ወይም በተጨማሪ አረቦን የሚገዛ መሆኑ፣ እንዲሁም ሾፌሩና ተሳፋሪዎች የአካል ጉዳት ሽፋን ያላቸው መሆኑ በዚያው አጋጣሚ ሊጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት የቋንቋ ጉዳይ ነው። አብዛኛዎቹ የመድን ውሎች የሚዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በሕግ ባለሙያ እንግሊዝኛ። ውሉን የሚፈርመው የታክሲ ወይም የጭነት መኪና ባለንብረት ምን እንደፈረመ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ነው። ድብቅ ወጪ የሚባለው ነገር አብዛኛው በእርግጥ የተደበቀ ሳይሆን በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለንብረቱ የማይሸፈኑ አደጋዎችንና ከካሣ የሚቀነሱትን የሚመለከቱ አንቀጾች በአማርኛ ተብራርተው በጽሑፍ እንዲሰጡት መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ድርጅት ዋጋው ቢረክስ እንኳ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባዋል።

እውነተኛ ቁጠባ የሚገኝባቸው መንገዶችም አሉ። ከሁሉም የሚልቀው ካሣ ሳይጠይቅ ዓመቱን ለጨረሰ ደንበኛ የሚሰጠው የአረቦን ቅናሽ ነው። ቅናሹ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ የሚሄድ በመሆኑ በትንንሽ ጉዳት ካሣ መጠየቅ አንዳንዴ ኪሳራ ነው። አረቦኑ 40 ሺህ ብር፣ ያገኘውም ቅናሽ 20 በመቶ የሆነ ባለንብረት በዓመት 8 ሺህ ብር ይተርፈዋል። መኪናው ተቧጭሮ 12 ሺህ ብር ቢያስፈልገውና የራሱ ድርሻ 6 ሺህ ብር ቢሆን ከኩባንያው የሚያገኘው 6 ሺህ ብር ብቻ ነው፤ የሚያጣው ቅናሽ ከዚህ ይበልጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ አደጋውን ለኩባንያው አሳውቆ ካሣውን ግን ሳይጠይቁ በራስ ወጪ ማሠራት ያዋጣል። ወደ ሌላ ኩባንያ የሚዛወር ባለንብረትም ካሣ ያለመጠየቁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀድሞው ድርጅት ሊወስድ ይገባል፤ ይህን ባለማድረጉ በዓመታት ያካበተውን ቅናሽ የሚያጣ አለ።

ትልልቅ አደጋዎችን ብቻ ለመሸፈን የሚፈልግ፣ ለትንንሹም የሚሆን ገንዘብ ያለው ባለንብረት የራሱን ድርሻ በፈቃዱ ከፍ በማድረግ አረቦኑን ማስቀነስ ይችላል። ከአንድ በላይ ተሽከርካሪ ያለው ወይም በመሥሪያ ቤቱ፣ በታክሲና በጭነት ማኅበሩ በኩል በቡድን የሚገባ ሰው ብቻውን ከሚደራደረው የተሻለ ዋጋ ያገኛል። የጊዜ ጉዳይም አለበት። ለቦሎ እድሳት የሦስተኛ ወገን መድን ስለሚጠየቅ ብዙዎች መድን የሚፈልጉት በምርመራው ዋዜማ ነው፤ በዚያ ጥድፊያ የሚወዳደር ዋጋ አይገኝም። ከወር አስቀድሞ ቢያንስ ከሦስት ኩባንያዎች ዋጋ መጠየቅ ይመረጣል፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት የመኪና ዋጋ፣ በአንድ ዓይነት ኤክሰስና በአንድ ዓይነት ሽፋን እንዲያሰሉ ካልተደረገ ግን ውድድሩ ትርጉም የለውም። መኪናውን በባንክ ብድር የገዛ ሰውም ባንኩ በጠቆመው ድርጅት ብቻ የመግባት ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ከብድር ውሉ ማየት አለበት።

ደላላና ወኪል የተለያዩ ናቸው። ወኪሉ የአንድ ኩባንያ ተጠሪ ሲሆን ደላላው ለመድን ገቢው ኩባንያዎችን ያወዳድራል፤ ሁለቱም ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ኮሚሽናቸውም የሚከፈለው ከመድን ኩባንያው ነው። ከአረቦኑ ውጪ "የአገልግሎት" ተብሎ ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ገንዘብ ካለ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የቴምብር ቀረጥና ሌሎች የመንግሥት ክፍያዎች በተነገረው ዋጋ ውስጥ መካተታቸውም ከመፈረም በፊት መረጋገጥ አለበት። ውሉን በዓመቱ መካከል ማቋረጥ የፈለገ ባለንብረት ተመላሹ ለቀረው ጊዜ በቀጥታ ተሰልቶ ላይሰጠው እንደሚችል ይወቅ፤ በአጭር ጊዜ ታሪፍ ሲሰላ ስድስት ወር የተጠቀመ ሰው ግማሹን አያገኝም።

አረቦን ለመቀነስ ሲባል የሚደረግ እጅግ አደገኛ ነገር መረጃ መደበቅ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ መድን ገቢው ስለ አደጋው ሥጋት የሚያውቀውን ሁሉ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ በተንኮል የተደረገ መደበቅ ወይም ሐሰተኛ መግለጫ ውሉን ፈራሽ ያደርጋል። በአሁኑ ጊዜ በዚህ ረገድ በይበልጥ የሚያሠጋው ለግል አገልግሎት ተብሎ መድን የተገባለት ባለ ኮድ 2 መኪና በክፍያ ተሳፋሪ ሲያመላልስ አደጋ ላይ የወደቀ እንደሆነ ነው። ለግልና ለንግድ አገልግሎት የሚከፈለው አረቦን የተለያየ በመሆኑ ኩባንያው ካሣ ላለመክፈል የሚያቀርበው መከራከሪያ ጠንካራ ይሆናል። የአገልግሎት ለውጥ ሲኖር በደብዳቤ አሳውቆ ልዩነቱን መክፈል ይሻላል። መንጃ ፈቃዱ ያልታደሰ ወይም ደረጃው ለተሽከርካሪው የማይፈቅድ አሽከርካሪ፣ ጠጥቶ መንዳትና ከመጠን በላይ መጫን እንዲሁ ካሣ የሚያስከለክሉ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው።

አደጋ ከደረሰ በኋላም ወጪ የሚያስከትሉ ስህተቶች ይፈጸማሉ። የንግድ ሕጉ አደጋው መድረሱ ከታወቀ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲገለጽ ይጠይቃል። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ሳይያዝና የኩባንያው ገማች ሳያየው መኪናውን ወደ ራስ ጋራዥ ወስዶ ላሜራ ማስቀጥቀጥ ካሣን ለክርክር ያጋልጣል። ኩባንያዎች ጥገናውን በጋራዦች መካከል አወዳድረው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው የሚሰጡበት አሠራር የተለመደ ነው፤ በመሆኑም ባለንብረቱ በጋራዥ ምርጫው ላይ ድምፅ ይኑረው አይኑረው፣ የሚገጠመው መለዋወጫ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ ውል ሲገባ የሚጠየቅ እንጂ መኪናው ከተበተነ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። መለዋወጫ እስኪገኝ መኪናው ጋራዥ ቆሞ የሚያጣው የዕለት ገቢ በተለመደው ሙሉ ሽፋን ውስጥ የማይካተት በመሆኑ፣ የታክሲና የጭነት ባለንብረቶች ይህን ኪሳራ አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። ካሣው ሲከፈል የሚፈረመው የመልቀቂያ ሰነድ ጥያቄውን ጨርሶ የሚዘጋ ነው፤ የጥገናው ጥራት ሳይታይ መፈረም የለበትም። ስምምነት ያልተደረሰበት ጉዳይ ለብሔራዊ ባንክ በአቤቱታ፣ እንደ ውሉ ይዘትም በግልግል ዳኝነት ወይም በፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፤ ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በሁለት ዓመት በይርጋ የሚታገድ በመሆኑ በደብዳቤ ልውውጥ ብቻ ጊዜ ማሳለፍ አይመከርም።

ወደ ጅቡቲና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች የሚጓዙ የጭነት መኪኖች ደግሞ የአገር ውስጡ ውል ከድንበር ባሻገር ስለማያገለግላቸው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ያስፈልጋቸዋል። ካርዱ የሚሸፍነው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው፤ መኪናውና ጭነቱ ለየብቻ መድን ይገባላቸዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችን የገዙ ባለንብረቶችም ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዝ መሆኑን አውቀው፣ ከሥር ተመትቶ ወይም ውሃ ገብቶበት ቢበላሽ ካሣ ይከፈልበት እንደሆነ፣ በእርጅና ቅናሽ ውስጥ ስንት በመቶ እንደሚታሰብበትና ኃይል በሚሞላበት ጊዜ የሚነሳ እሳት የሚሸፈን መሆኑን በውሉ ላይ ማስጻፍ ይኖርባቸዋል።